ከጓዳው በር እስከ ቧንቧው

የዱር እንጆሪ ሲባል ሰው ሁሉ ፍሬው ነው የሚታየው። እስቲ እኔን ጠይቁኝ! ዕድሜ ልኬን የሰው አጥር ሥር፣ መንገድ ዳር፣ የትምህርት ቤት ጓሮ ስመነጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለእኔ እንጆሪ ማለት እሾህ ነው። ሐረጉ ከሰው ቁመት በላይ ይወጣና ጎንበስ ብሎ ጫፉን መሬት ያስነካል። መሬት የነካበት ቦታ ላይ ደግሞ ሥር ያወጣል፤ ከዚያ እንደገና ይነሳል። ትንሽ ጊዜ ዝም ካላችሁት ጓሮ የለም፣ መንገድ የለም፣ ጥቅጥቅ ያለ እሾህ ብቻ ነው የሚቀረው። በእጅ አይሞከርም። የእኔ ማጨጃ ማሽን በትከሻ የሚነገት ነው፤ ረጅም ብረት አለው፣ ጫፉ ላይ ሳህን የሚያህል ባለጥርስ ዲስክ ይሽከረከራል። ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ እኔም አብሬው ስንቀጠቀጥ እውላለሁ። ቤቴ ገብቼ ማንኪያ ስይዝ እንኳን እጄ ሥራ ያቆመ አይመስለውም፤ ሾርባው ግማሹ ደረቴ ላይ ነው የሚያልቀው።

ያን ቅዳሜ ልተኛ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ የተገኘ ሥራ የሌለበት ቅዳሜ! ወገቤ ተቀንጥሶ፣ ክንዴ ዝሎ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ተኝቻለሁ። ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ዛሬ ከሰዓት እማዬ ጋ እመጣለሁ» አለችኝ። ደህና አደርክ እንኳን የለም። «ጓሮው ባለፈው እንዳየሁት ከሆነ ግን በቃኝ። ይዣት ነው የምመለሰው።»

«እምቢ ብትልሽስ?»

«ተሸክሜያት!»

«አክስቴን? በይ መጀመሪያ ወገብሽን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ።»

«እየቀለድኩ አይደለም! አንድ ቀን እዚያ እሾህ ውስጥ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ብትጮህ እንኳን ማን ይሰማታል? እኔ እዚህ ሆኜ እንቅልፍ አጥቻለሁ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «አንተ ደግሞ ሥራህ እሱ አይደል? የስንቱን ጓሮ ስታጸዳ የእሷ እንዴት ቀረ?»

ምን ይባላል? ብርድ ልብሱን ገፈፍኩት።

አክስቴ ናት ያሳደገችኝ። ልብስ ሰፊ ነበረች። ጓዳዋ ውስጥ መደብ ላይ ተኝቼ፣ የስፌት መኪናዋ ሲንቀረቀር እየሰማሁ ነው እንቅልፍ ሲወስደኝ ያደግኩት። ባሏ ከሞተ፣ ልጇም ሩቅ ከተማ ትዳር ይዛ ከሄደች በኋላ ብቻዋን ቀረች። ልጅቷ «ነይ፣ ከእኔ ጋር ኑሪ» ባለቻት ቁጥር መልሷ አንድ ነው። «ከዚህ ቤት በእግሬ አልወጣም!» ትላለች። ሰው ተሸክሞ ያውጣኝ ማለቷ ነው። እኔም እውነት ለመናገር በሆዴ ከእሷ ጋር ነበርኩ። በስተርጅና ከቤቱ ተነስቶ የሰው ሳሎን ጥግ ላይ እንደ ዕቃ የተቀመጠ ሰው አይቻለሁ፤ አክስቴን እንደዚያ ሆና ማየት አልፈልግም። ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው አልኩ። ጓሮው ከጸዳ አክስቴ ቤቷ ትቀራለች፣ ካልጸዳ ትሄዳለች። ማሽኑን አነገትኩ፣ ቤንዚኑን በጀሪካን አንጠለጠልኩ፣ ቅዳሜዬን እየረገምኩ ወጣሁ።

ገና በሩን ሳላንኳኳ «ነጭናጫው መጣ!» ስትል ከውስጥ ሰማኋት። በአረማመዴ ታውቀኛለች። ቦቲህን ስትጎትት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማሃል ትለኛለች። በሩን ከፈተች፣ አንገቴን አቅፋ ጉንጬን ሳመችኝ።

«ውይ፣ እኔን! ከሳህ እኮ!»

ሁሌም እንዲህ ነው የምትለኝ። ከሳህ! ሆዴ በር ሲገባ ከእኔ የሚቀድም ሰው ነኝ። ቀበቶዬ ቀዳዳ አልቆበት በሚስማር እየበሳሁ የምጨምርበት ሰው ነኝ። ግን ምን ክፋት አለው? በዚህ ምድር ላይ ከሳህ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት፤ ደስ ይለኛል።

ሻይ ቀዳችልኝ፤ አንድ ጣቷን ብርጭቆው አፍ ላይ አድርጋ፣ ጠብታ ሳታፈስ። ጓዳዋ እንደ ወትሮው ነው። ስኳሩ በስኳር ቦታ፣ ቢላው በቢላ ቦታ። ሻዬን ልጠጣ ወንበሩን ትንሽ ሳብ ባደርገው «ከነበረበት አታንቀሳቅስብኝ!» ብላ ተቆጣችኝ። የስፌት መኪናዋ ጥግ ላይ በአንሶላ ተሸፍኗል። ተበላሸ ካለች ቆየች።

«እስቲ ዛሬ እንኳን ልየው» አልኳት።

«ተወው፣ አርጅቷል። እሱም ይረፍ።»

«ልጅሽ ከሰዓት ትመጣለች።»

«ነግራኛለች። ልትወስደኝ ነው።» የብርጭቆዋን ጠርዝ በጣቷ ታዞራለች። «ለዓመት ያህል ከዚህ በር ላይ ስመልሳት ኖርኩ። ዛሬስ እንጃ።»

«አትወስድሽም። ጓሮውን እሾህ የሚባል ነገር እንዳልነበረበት አደርገዋለሁ። አይታ፣ አፍራ ትመለሳለች።»

ፊቷ በራ። ወዲያው ግን ግንባሯን ቋጠረች። «ከግንቡ በኩል ነው የምትጀምረው። ከጓዳው በር እስከ ቧንቧው ያለውን አትንካብኝ።»

«እንዴ! ዋናው እሱ አይደል? ልጅሽ የፈራችው እኮ እዚያ መንገድ ላይ እንዳትወድቂ ነው።»

«አልወድቅም። ፍሬ አለው፣ የጎረቤት ልጆች ይለቅሙታል። አትንካ አልኩ፣ አትንካ!»

«እሺ፣ እሺ።»

ያልኩት ለአፌ ነው። በእኛ ሥራ ባለቤት የሚለውን ሁሉ የሰማ ሰው አንድ አጥር አይጨርስም። አንዱ ያቺ ጉቶ ማስታወሻ ናት ይላል፣ አንዷ ወፏ ጎጆ ሠርታለች ትላለች፣ መጨረሻ ላይ ግን ጸድቶ ሲያዩት ሁሉም ይመርቃሉ። አክስቴም ትመርቀኛለች አልኩ።

ጓሮ ገባሁ። ወይ ጉድ! ከግንብ እስከ ግንብ እሾህ ነው። ቧንቧውና መጸዳጃ ቤቱ ከጓሮው መጨረሻ ናቸው፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ አንድ ሰው በጭንቅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆኗል፣ ግራ እሾህ፣ ቀኝ እሾህ፣ ከላይም እሾህ። አሮጊት ሴት በዚህ ውስጥ ባልዲ ይዛ ትመላለሳለች! ልጅቷ እውነቷን ነው አልኩ። እንዲያውም ከዚሁ ልጀምር፣ አክስቴ ከጓዳ ሳትወጣ ልጨርሰው፣ ከዚያ ብትጮህም ትጩህ።

ማሽን ከመነሳቱ በፊት መሬቱ በእግር ይታያል። ድንጋዩ፣ ጠርሙሱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽቦው ይለቀማል። ሽቦ ጠላታችን ነው። ዲስኩ ሽቦ ከነካ ወይ ይጠመጠምበታል፣ ወይ በጥሶ እንደ ጥይት ያስፈነጥረዋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አግኝቶት እስከ ዛሬ ያነክሳል። ስለዚህ ሽቦ ሳይ የማን ነህ፣ ለምን ተወጠርክ ብዬ አልጠይቅም፤ እጄ ራሱ ከኪሴ ፒንሳ ያወጣል።

እዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ሽቦ ነበር። ከጓዳው በር ጎን ካለ ሚስማር ተነስቶ፣ በየቦታው በተተከሉ ዱላዎች ላይ እየተጠመጠመ፣ ወገብ በሚደርስ ከፍታ እሾሁ መሃል ገባ ወጣ እያለ እስከ ቧንቧው ይሄዳል። እዚህም እዚያም ቁራጭ ጨርቅ ታስሮበታል። አንዱ ካኪ ነው፣ አንዱ ሐር፣ አንዱ ሱፍ። የድሮ ልብስ ማስጫ ነው፣ እሾሁ ውጦት ነው አልኩ፤ ጨርቁንም ነፋስ ያመጣው ነው አልኩ። ቋጠሮውን እያየሁ ነፋስ አመጣው ማለቴ! ድካም እንዲህ ነው፤ ዓይን ያያል፣ ጭንቅላት አይቀበልም። ሽቦውን በፒንሳ ቆራረጥኩት፣ ዱላዎቹን ነቃቀልኩ፣ ሁሉንም ጠቅልዬ የተቆረጠው እሾህ የሚከመርበት ጥግ ወረወርኩት። ቧንቧው ጠብ ጠብ ይል ነበር። እሱንም ማንም ሳይጠይቀኝ ጥብቅ አድርጌ ዘጋሁት። ይግረማችሁና በራሴ ኮራሁ።

ከዚያ መነጽር፣ ጓንት፣ የጆሮ መሸፈኛ። ማስነሻ ገመዱን ሳብኩ፣ አስነጠሰ፤ ደግሜ ሳብኩ፣ ተነሳ። እንጆሪ ከሥሩ አይጀመርም። ከሥሩ ከቆረጥከው ያ ረጅም ሐረግ ሁሉ ተንዶ ይጠመጠምብሃል፣ ማሽኑን ከነአንተ ያስራል። ከላይ ጀምረህ፣ ደረጃ በደረጃ እየሸረፍክ ነው የምትወርደው። እየቆረጥኩ በመንሽ እከምራለሁ፣ ክምሩን በቦቲዬ እረግጣለሁ፣ ደግሞ እቆርጣለሁ። እሾሁ ሱሪዬን አልፎ ጭኔን ይጭረኛል፣ ላቡ መነጽሬ ሥር ገብቶ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ የማሽኑ ማንገቻ ትከሻዬን ይቆርጠኛል። ቀና የምለው ቤንዚን ልሞላ ስል ብቻ ነው። ያኔም ቀና አልኩ እንጂ ወገቤ አብሮኝ አልተነሳም። ቢሆንም መንገዱ እየተከፈተ መጣ። ጋሪ የሚያሳልፍ ሆነ። ወደ ግንቡ ዞርኩ።

መቼ እንደወጣች አላየሁም። ቀና ስል አክስቴ ባልዲ ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ጉድ ፈላ፣ አሁን ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተሳደበችም። ግራ እጇን ወደ ጎን ዘረጋችና አየሩን ዳበሰች። ዝቅ አድርጋ ዳበሰች፣ ከፍ አድርጋ ዳበሰች። ከዚያ እጇን እንደዘረጋች ጥቂት ተራመደች፣ መሃል ጓሮ ላይ ስትደርስ ቆመች። አንገቷን ወዲህ ወዲያ አዞረች። እየፈለገችኝ ነው ብዬ እጄን አወዛወዝኩላት። ምንም አላለችም። ማሽኑ እየጮኸ ነው፣ ጩኸቱ ግንቡን እየመታ ስለሚመለስ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ከጩኸቱ የሸሸች መስሏት ቀጥ ብላ ወደ እኔ፣ ወደ ዲስኩ መጣች።

ክው አልኩ። ቤንዚን መስጫውን ለቀቅኩ፣ ማጥፊያውን መታሁት። ዲስኩ ግን ጠፋ ተብሎ አይቆምም፣ በራሱ ሲዞር ይቆያል። ወገቤን አዙሬ ዲስኩን ወደ ግንቡ መለስኩትና በጀርባዬ ከለልኳት። ባልዲው መጥቶ ጀርባዬን መታኝ። ያን ያህል ነበር የቀረው።

«አክስቴ! አታዪም እንዴ?!» ብዬ ጮህኩባት።

የደነገጠ ሰው የሚለው ነው እንጂ ጥያቄ አልነበረም። እሷ ግን እንደ ጥያቄ ነው የወሰደችው። ባልዲውን አስቀመጠች፣ ክንዴን ፈልጋ ያዘች። ፊቷ ወደ እኔ ነው፣ ዓይኗ ግን በትከሻዬ ላይ አልፎ ግንቡን ነው የሚያየው።

«ሽቦዬን የት አደረስከው?» አለችኝ በቀስታ።

የቆረጥኩት ላይ ቁጭ አልኩ። የተቀመጥኩት እሾህ ላይ እንደሆነ እንኳን ያወቅኩት በኋላ ነው። ብርጭቆው አፍ ላይ ያደረገችው ጣት፣ የማይነቃነቀው ወንበር፣ የተሸፈነው የስፌት መኪና፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣብኝ። ከሳህ የምትለው ነገርስ! ሆዴን ይዤ ከፊቷ ቆሜ ከሳህ ስትለኝ ስቄ ነበር የማልፈው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቀስ በቀስ ነው የሄደው። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅተኝ ነው የነቃሁት። ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ፣ ዘግይተሻል አሉኝ። አሁን ብርሃንና ጥላ ነው የምለየው። አንተ ጥላ ነህ፣ ሰፋ ያልክ ጥላ።»

«እና ለምን አትነግሪኝም?»

«ለአንተ ነገርኩ ማለት ለእሷ ነገርኩ ማለት አይደል? አንተ መቼ ነው ወሬ ሆድህ ውስጥ ያደረው?» በዚህስ አልተሳሳተችም። ክንዴን ጨበጠችው። «ካወቀች አንድ ቀን አታሳድረኝም። ያ ሽቦ ካለ እኮ ማንም አያስፈልገኝም። ውሃዬን እቀዳለሁ፣ መጸዳጃ ቤት እሄዳለሁ፣ ሰው አላስቸግርም። አፈር ስሆን ልጄ፣ በሞቴ፣ መልስልኝ።»

አንጀቴን በላችው። ግን እንዴት ይመለሳል? ሽቦው ክምሩ ሥር ነው፣ ክምሩ ደግሞ እኔን ያክላል። ከጠዋት ጀምሮ የከመርኩትን፣ የረገጥኩትን፣ በመንሽ መልሼ መናድ ጀመርኩ። እንደዚያን ቀን የደከመኝ ቀን አላስታውስም። ሰው ሲሠራ ቢደክመው ያባት ነው፤ የሠራውን ሲያፈርስ ግን ቅስሙ ነው የሚሰበረው። ሽቦውን በጓንት አልጨብጥ አለኝ፣ ጓንቱን አውልቄ ጣልኩት። እሾሁ እጄን ዘነጣጠለው፣ መዳፌ ደም በደም ሆነ። የሽቦውን ቁርጥራጭ አንድ በአንድ እየመዘዝኩ፣ ጫፍ ለጫፍ በፒንሳ እየጠመዘዝኩ ቀጠልኩት። የተጠመዘዘ ሽቦ ጫፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ይሄን የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ። ግን ክንዴ ዝሏል፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው፤ በኋላ አጥፈዋለሁ ብዬ አለፍኩት።

አክስቴ የጓዳው በር ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጨርቆቹን ጭኗ ላይ ይዛለች። በጣቷ አሸት እያደረገች ታቀብለኛለች።

«ይሄ ካኪው ነው፣ ደረጃው ጋ እሰረው። ሐሩ መታጠፊያው ላይ ነው፤ ሐር ሲነካኝ ወደ ቀኝ እዞራለሁ። ሱፉ ከቧንቧው ቀደም ብሎ።» ዝም ብላ አዳመጠች። «ቧንቧውንስ ምን አደረግከው? ድምፁ የለም።»

«ጠብ ጠብ ሲል ጊዜ ዘጋሁት።»

«ማን ጠይቆህ! በእሱ እኮ ነው አቅጣጫ የምይዘው። አይ አንተ! ዛሬስ ደግነትህ ሊገድለኝ ነው።»

መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ ከዚያ እኔ። ሄጄ ቧንቧውን አላላሁት፣ ጠብ ጠብ ማለቱን ቀጠለ።

ተለማመድን። መጀመሪያ ላይ ሐሩን ሳታገኘው አለፈች፤ ሽቦው ረግቦ ነበር፣ ወጠርኩት። ቀጥሎ ካኪውን ከቦታው ፈቀቅ አድርጌ ማሰሬን ነገረችኝ፣ አስተካከልኩት። ሄደች፣ መጣች፣ ደግማ ሄደች። በመጨረሻ ባልዲውን ሞልታ፣ ሳታፈስ፣ ቀጥ ብላ ተመለሰች። «እሰይ!» አልኩ፣ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ጫፎቹን አሁን ልጠፋቸው ብዬ ፒንሳዬን ሳወጣ የመኪና ጡሩምባ በሩ ላይ ጮኸ።

የአክስቴ ልጅ ጓዳውን አቋርጣ ደረጃው ላይ ስትደርስ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። «ጋሼ! ይሄ የኛ ጓሮ ነው?» ወርዳ አቀፈችኝ፣ ላቤንም አልተጸየፈች። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ጠዋት ጮህኩብህ። በቃ፣ እንዲህ ከሆነ ምን እላለሁ?» ዞር ዞር ብላ አየች። «ይሄ ሽቦ ግን ምንድነው? ለልብስ ማስጫ ዝቅ አላለም?»

«ለካልሲ ነው» አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

አክስቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ከደረጃው ተነሳች። «ተቀመጪ ልጄ፣ መንገዱ አድክሞሻል። ቀዝቃዛ ውሃ ከቧንቧው ላምጣልሽ።»

«እኔ እቀዳለሁ እማዬ።»

«ቁጭ በይ አልኩ እኮ!»

ብርጭቆ በቀኝ እጇ ይዛ፣ ግራዋን ሽቦው ላይ ጣል አድርጋ ወረደች። ጣል ነው ያደረገችው፣ ሲያዩት እንዲያው ለጨዋታ የምትነካው ነው የሚመስለው። ፈጠን ፈጠን ብላ፣ ደረቷን ነፍታ ሄደች። ካኪው ጋ አልተሳሳተችም፣ ሐሩ ጋ ዞረች። ልጇ ታያታለች፣ እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። ከሐሩ አለፍ ብላ ትከሻዋ ድንገት ሽቅብ አለ፣ ቆም አለች። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ቀጠለች። ቧንቧው ሥር እጇን ለቅለቅ አደረገች፣ ብርጭቆውን ሞላች፣ ተመለሰች። ስትመለስ ሽቦው በቀኟ ስለሆነ ብርጭቆውን በግራ እጇ ነበር የያዘችው።

«እንኪ» አለች ፈገግ ብላ። «ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛ።»

ብርጭቆው ላይ የጣቶቿ ሁሉ የደም አሻራ ነበር። በብርጭቆው ጎን ተንሸራቶ ወደ አንጓዋ ይወርዳል፣ የሹራቧ እጅጌ ቀልቷል። እሷ ብርጭቆውን ዘርግታ ፈገግ እንዳለች ናት።

ልጅቷ ብርጭቆውን አየች። የእናቷን ፊት አየች። ከዚያ ሽቦውን፣ ከዚያ እኔን።

«የእኔ ደም ነው!» አልኩ ቸኩዬ፣ የተቧጨሩ እጆቼን እያሳየሁ። «ብርጭቆውን ቅድም እኔ ነክቼው...»

«ጋሼ፣ ዝም በል» አለችኝ በቀስታ።

ብርጭቆውን ተቀበለቻት። እንዳለ ጠጣችው፣ እስከ መጨረሻው። ባዶውን ደረጃው ላይ አስቀምጣ የእናቷን መዳፍ ገለበጠች። ያልታጠፈው ጫፍ ነው፣ የእኔ ጫፍ። መዳፏን ከዳር እስከ ዳር ከፍቶታል።

«ምን ሆናችሁ? የምን ደም ነው?» አለች አክስቴ። «ጫር አደረገኝ እንጂ... አጥቤው ነበር እኮ። እርጥበቱ ውሃው መስሎኝ።»

ልጇ ሻሿን ፈትታ መዳፏን ጠበቅ አድርጋ አሰረችላት።

«እማዬ፣ እኔን ታይኛለሽ?»

አክስቴ አፏን ከፈተች። ትዋሻለች ብዬ ጠበቅኩ፣ እንድትዋሽም ፈልጌ ነበር። ዘጋችው።

«አላይሽም» አለች። «ቅድም ስትገቢ በሽቶሽ ነው ያወቅኩሽ።»

ልጇ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እየተንሰቀሰቀች ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

«ተው አንተ፣ የእኔ አነሰና ነው?» አለች አክስቴ።

ጭቅጭቁን ጠበቅኩ። ያቺን በእግሬ አልወጣም የምትለውን ጠበቅኩ። እኔም ልከራከርላት አፌን አሟሽቼ ነበር፤ በየሳምንቱ እየመጣሁ አያታለሁ ልል፣ ሽቦውን በደንብ እሠራዋለሁ ልል። አክስቴ ልጇን ፈልጋ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣለች።

«እሺ። እሄዳለሁ።»

«እማዬ፣ ዛሬ ባይሆን እንኳን...»

«ዛሬ። ደክሞኛል ልጄ። አለማየቱን ለምጄዋለሁ። የማይ መምሰሉ ነው የጨረሰኝ። ሰው በመጣ ቁጥር በእርምጃው ልወቀው፣ በሳሉ ልወቀው፣ ሻይ ሳላፈስ ልቅዳ፣ ፊቴን በድምፁ በኩል ላዙር። ማታ ስተኛ ልክ እንደዚህ ሰውዬ ማሽን ነው የምንቀጠቀጠው።» ከትከሻዋ ቀና አለች። «በእግሬ ነው ግን የምወጣው። መሸከም የሚባል ነገር እንዳልሰማ። ሽቦዬንም ይዤ ነው የምሄደው። እናንተስ ቤት ቧንቧ የለም?»

«አለ እማዬ። ከበረንዳው ራቅ ብሎ።»

«በል ነጭናጫ፣ ጠቅልልልኝ። ጫፉን እያጠፍክ!»

እነሱ ልብስ ሊሸክፉ ገቡ። እኔ ያንን ሽቦ በአንድ ቀን ውስጥ ነቀልኩት፣ ተከልኩት፣ መልሼ ነቀልኩት። ጫፎቹን ሁሉ አጠፍኩ። ላብ የምጠርግበትን ፎጣ ቀድጄ መገጣጠሚያዎቹን አንድ ሳይቀር ጠቀለልኩ። ካኪው፣ ሐሩ፣ ሱፉ እንደታሰሩ ናቸው። እንባዬ መጣ፣ አልጠረግኩትም፤ ማን አይቶኝ። የጠዋቱን ሳስብ ሆድ ባሰኝ። ጓሮው ከጸዳ ቤቷ ትቀራለች ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ጓሮው ይኸው ጸዳ።

መኪናው ጋ ስትደርስ አክስቴ ቆመች። «ና ወዲህ» አለችኝ።

ቀረብኩ። ሁለት እጆቿን፣ አንዱ የታሰረ ነው፣ ፊቴ ላይ አደረገች። እንዲህ ዳብሳኝ አታውቅም፤ እንዳይነቃባት ይሆናል። ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጉንጬን ዳበሰች። አንገቴ ላይ ወረደች፣ ትከሻዬን ለካች፣ ልብስ ልትሰፋለት እንደምትለካው ሰው። ከዚያ ሆዴ ላይ ደረሰች፣ እጇ ቀጥ አለ።

«እንዴ!» አለች። «ወፍረሃል እኮ! አንተ፣ ምን በልተህ ነው?»

ልጇ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ አመለጣት።

«እና ሁልጊዜ ከሳህ ስትይኝ የነበረውስ?»

«ድምፅህ ነዋ» አለች አክስቴ። «በሩ ላይ ስትደርስ ድምፅህ ሁሌ የደከመ ነው። እንዲህ የደከመ ሰው መቼም ከስቷል እል ነበር።»

የመኪናውን በር ከፈትኩላት።

«ሽቦውን ከአንተ በቀር ማንም አይተክለውም፣ አንተ መጥተህ ነው የምትተክልልኝ» አለችና መኪናው ውስጥ ገባች። «መጀመሪያ ግን ተኛ።»

«እሺ» አልኳት።

መኪናው ከዞረ በኋላ ማሽኔን ላነሳ ተመልሼ ገባሁ። አላነሳሁትም። ጓዳው ውስጥ፣ ያደግኩበት መደብ ላይ፣ ከነቦቲዬ ጋደም አልኩ። እጄ ደረቴ ላይ ሆኖ ገና ይንቀጠቀጣል። ቧንቧውን መዝጋት ረስቻለሁ፣ ጠብ ጠብ ሲል ከጓሮ ይሰማኛል። ተነስቼ ልዝጋው ብዬ ነበር፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።